ሎክ ታ መኪና ውስጥ የጠበቁበት መስከረም

የካምቦዲያን ጦርነት ያስታረቅኩት እኔ ነኝ። ትልልቆቹ መንግሥታት ያቃታቸውን፣ ጄኔራሎቹ የሸሹትን ነገር፣ እኔ በአሥራ ሦስት ዓመቴ፣ እጅጌው ጣቶቼን የሚውጥ የተውሶ ኮት ለብሼ፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ በአንድ እሑድ ከሰዓት ጨረስኩት። ይህን ታሪክ ሠርግ ላይ አውርቼዋለሁ፤ ክርስትና ላይ አውርቼዋለሁ፤ አንድ ጊዜ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ለቅሶ ቤት አውርቼው አልቃሾቹ እየሳቁ ተቆጥተውኛል። ባወራሁት ቁጥር ታንኮቹ ይበዛሉ።

እውነቱን ካላችሁ ጦርነቱ ያለቀው እኔ ሳልወለድ ነው። «የእኔ ሚኒስትር» እያልኩ የምመጻደቅባቸው ሰውም ሚኒስትር አልነበሩም፤ ምክትል ነበሩ፤ ያውም ስሙ ከካርታ ላይ የተፋቀ የአንድ መንግሥት ምክትል። እኔም አማካሪያቸው አልነበርኩም። ጠጅ ሣር ወቃጫቸው ነበርኩ።

ሰሞኑን አንድ ዘመድ ልጠይቅ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄጄ ሊፍት ውስጥ ስገባ ያ ሽታ ተቀበለኝ፤ ጨው በዝቶበት የቦካ ዓሣ። አጠገቤ የቆሙት ሴትዮ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጠቀለሉ። እኔ ሦስተኛ ፎቅ መውረድ ሲገባኝ እስከ አሥረኛው እያሸተትኩ ወጣሁ፤ ከዚያም ተመልሼ እያሸተትኩ ወረድኩ። መላጣና ቦርጫም ሰው ሊፍት ውስጥ ዓይኑ እንባ ሲያቀር ማየት ለማንም ደስ አይልም። የሠርጉን ታሪክ ትቼ እውነተኛውን ልጻፈው ያልኩት እዚያ ነው።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎች መጀመሪያ ላይ ነው። ዲቪ ደርሶን ከአዲስ አበባ መጥተን ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ያረጀ ሕንፃ ውስጥ ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራየን። መስከረም ሲጠባ እናቴ ቅዳሜዋን ሙሉ ኮሰረትና በሶብላ ጨምራ ቅቤ አነጠረች። ሰኞ ጠዋት በየበሩ ሥር ወረቀት ተወርውሮ አገኘን፤ ሕንፃውን የሚያስተዳድሩት ሰዎች ነበሩ የጻፉት። አባቴ «አንብብ፤ የተማርከው ለምንድን ነው?» አለኝ። የእንግሊዝኛ ትምህርቴ ገና ብዕርና ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ግን «ሽታ» የምትለውን ቃል አውቃት ነበር።

«ቅቤዬ ነው!» ብላ እናቴ ጮኸች። «በመጣን በወሩ ልንባረር ነው!» ድስቷን አንሥታ ካፖርቶቹ የተሰቀሉበት ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ያን ክረምት የእኛ ቤተሰብ አውቶቡስ ውስጥ ሲገባ ሰዉ ሁሉ በዓል የደረሰ ይመስለው ነበር።

ጎረቤት ለጎረቤት እየዞረች ይቅርታ ልትጠይቅ ነጠላዋን ስታጣፋ በሩ ተንኳኳ። አንድ ቀጭን ሽማግሌ፣ ከረባት ያሰሩ፣ ሎሚ የሞላ ሳህን የያዙ፣ ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብለው ቆመዋል። በቀስታ፣ እያንዳንዱን ቃል ከኪስ እንደሚያወጡ ሰው ተናገሩ።

«ምን አሉ?» አለች እናቴ።

«ስለ ዓሣዬ ይቅርታ አድርጉልኝ አሉ።»

«የምን ዓሣ? ቅቤው እኮ ነው! ቅቤው የእኔ ነው በላቸው።»

ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይደለም፤ ዓሣዬ ነው።» እናቴም ራሷን ነቀነቀች። ሁለቱ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የእኔ ነው እየተባባሉ ሲከራከሩ እኔ መሀል ላይ ቆሜ ዓሣና ቅቤ አመላለስኩ። በመጨረሻ ሎሚው እኛ ቤት ቀረ፤ እናቴ የጋገረችው ድፎ ዳቦ እሳቸው ቤት ሄደ።

ሎክ ታ ብላችሁ ጥሩኝ አሉ። በአገራቸው ቋንቋ «አቶ አያት» እንደ ማለት ነው፤ የካምቦዲያ ልጅ ሽማግሌን የሚጠራበት። አባቴ ስማቸው መስሎት እስከ መጨረሻው «አቶ ሎክታ» ይላቸው ነበር።

እናትና አባቴ ሥራ ስለሚውሉ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ እስክትመጣ እሳቸው ጋ እቆይ ጀመር። ሥራዬ መውቀጥ ነበር። ትንሽዬ የድንጋይ ሙቀጫ ነበራቸው፤ በእሷ ውስጥ ጠጅ ሣር፣ ነጭ ሽንኩርትና ስሙን የማላውቀው ቢጫ ሥር እወቅጣለሁ። ጠጅ ሣር ለመዓዛ ብቻ ሳይሆን ለወጥም እንደሚሆን ያወቅኩት ያኔ ነው፤ ሣር የሚበሉ ሚኒስትር ብዬ ለክፍሌ ልጆች ሁሉ አወራሁ። እንግሊዝኛዬንም የለቀምኩት ከእሳቸው ስለሆነ አስተማሪዬ የአነጋገሬን ምንጭ ፍለጋ ሦስት አህጉር ዞራለች።

«ሎክ ታ፣ እውነት ሚኒስትር ነበሩ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ምክትል።»

«ምክትል ምን ያደርጋል?»

«ሚኒስትሩ ሊናገረው የማይፈልገውን ይናገራል።»

እኔ የማውቀው ሚኒስትር መንገድ ተዘግቶለት፣ በሞተር ሳይክል ታጅቦ የሚያልፍ ነው። ሎክ ታ ግን የትራፊክ መብራት ላይ አረንጓዴ ሲበራላቸው ለመኪናዎቹ እጅ ነሥተው የሚሻገሩ ሰው ነበሩ። ስለዚህ ሀብታቸውን አንድ ቦታ ደብቀዋል ብዬ ወሰንኩ። ሽንት ቤት ሲገቡ የሩዙ ጆንያ ውስጥ እጄን እስከ ብብቴ ከትቼ ወርቅ ፈልጌያለሁ። ያገኘሁት ሩዝ ነው።

ታሪካቸውን የሚነግሩኝ በሙቀጫዬ ምት ነበር፤ መውቀጥ ካቆምኩ ያቆማሉ። በአገራቸው ሰሜን ምዕራብ በአንድ የገጠር ከተማ አስተማሪ ነበሩ። ለምክር ቤት ሲወዳደሩ በብስክሌት ከመንደር መንደር እየዞሩ አንድ ቀን ሕዝብ ፊት ሩዝ ማሳ ውስጥ ተገለበጡ። ገበሬው እየሳቀ መረጣቸው።

«ጭቃ የተቀባ ሰው አይዋሽም አሉ» አሉኝ። «ከዚያ ወዲያ ጭቃ ውስጥ አልወደቅኩም። ችግሩ እሱ ነው።»

ጦርነቱ ሲመጣ የተፈናቃዮች ጉዳይ ምክትል ሚኒስትር ሆኑ። ገጠሩ በሙሉ ከቦምብና ከጥይት እየሸሸ ዋና ከተማው ውስጥ ፈሰሰ፤ ሰው በመቅደሱ ግቢ፣ በእግረኛ መንገዱ፣ ግንቡ ባላለቀ ሆቴል ውስጥ ሰፈረ። ሎክ ታ ሰሌንና ሩዝ ያድላሉ። አንድ መጠለያ ሲመርቁ ሪባኑን ሊቆርጡ መቀስ እንዳነሡ ሮኬት ከአጥሩ ውጭ ወደቀ፤ ሰው ሁሉ ተኛ፤ እሳቸው ብቻ መቀሱን ይዘው ቆመው ቀሩ። «ጀግና ነበሩ!» ስላቸው፣ «አይደለም፤ ንግግሬን ገና አልጨረስኩም ነበር» አሉ።

ማታ ማታ ደግሞ ሬዲዮ ላይ ይወጣሉ። «ረጋ በሉ። ከተማችን አትወድቅም። ከያላችሁበት አትንቀሳቀሱ።» ያን ድምፅ አንዳንዴ ወጥ እያማሰሉ ያሰሙኛል፤ የሚያምር፣ ወፍራም፣ የሰው ልብ የሚያሳርፍ ድምፅ። እንደዚያ አድርጎ ረጋ በሉ የሚለኝ ቢኖር ዛሬም ሶፋ ላይ ተኝቼ እቀር ነበር።

«እርስዎስ ረጋ ብለው ነበር?» አልኳቸው።

ማማሰያውን አስቀመጡ። «የእኔ ሻንጣ በር ላይ ነበረች።»

ስለ ሹፌራቸው የነገሩኝ የዚያኑ ቀን ነው። ሳሩን ይባላል። ጥቁር ፔጆ ነው የሚነዳው፤ የኋላ መስኮቱ ነጭ መጋረጃ ያለው። አማፂዎቹ ከተማዋን ሊይዙ በተቃረቡበት በመጨረሻው ሳምንት፣ አንድ ጠዋት፣ ሳሩን ሄሊኮፕተር ወደሚያርፍበት ሜዳ አደረሳቸው። ሎክ ታ ከመኪናው ወርደው፣ «እዚሁ ጠብቀኝ፤ ተነጋግሬ እመለሳለሁ» አሉት። ሄሊኮፕተሩ ውስጥ ገቡ። አልተመለሱም። ከላይ ሆነው ሲያዩ ፔጆዋ ዛፍ ጥላ ሥር ቆማለች፤ ሳሩን አቧራዋን በጨርቅ ይወለውላል።

እኔ ያንን የሰማሁት በልጅ ጆሮ ነው። ሳሩን አሁንም እየጠበቀ መሰለኝ። አባቴ ዳውንታውን ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ነበር የሚሠራው፤ ማታ እራት ላይ ጠየቅኩት።

«አባዬ፣ ሃያ ምናምን ዓመት የቆመ መኪና ቶው ተደርጎ አይወሰድም?»

«በየትኛው ከተማ?»

«ካምቦዲያ።»

«አንተ ልጅ» አለ አባቴ፣ «እዚያ ሰውዬ ቤት ምን እያበሉህ ነው?»

በሚቀጥለው ዓመት መስከረም አጋማሽ ላይ የካምቦዲያዎች የሙታን በዓል ገባ። ለሁለት ሳምንት ያህል ሰዉ ወደ መቅደስ ምግብ ይወስዳል፤ መነኮሳቱ የሟቾችን ስም ይጠራሉ፤ ስሙ ተጠርቶ ምግብ ያልቀረበለት ሙት እየተራበ ይዞራል ይባላል። ቅዳሜ የሎክ ታ ልጅ፣ ነርስ ናት፣ እኔንም ጨምራ መቅደሱ ወዳለበት ወሰደችን፤ እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሎክ ታ አዲስ ሸሚዝ ለብሰው፣ በቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ጭናቸው ላይ አድርገው ነበር። ግቢው ውስጥ ሰማያዊ ቫን እንዳዩ እጃቸው በሩ እጀታ ላይ ቀረ።

«ዛሬም አለች» አሉ።

ከመኪናው አልወረዱም። እኔ ገብቼ የሙታኑን ድርሻ ጭምር በላሁ፤ ስወጣ እዚያው ተቀምጠዋል። «አለች» ያሏት ሴትዮ የድሮ ፍቅረኛቸው ናት ብዬ ደመደምኩ፤ ለሳምንት ያህል በዚህ እውቀቴ ኮራሁ።

አንድ ማታ እኛ ቤት ሎሚ ይዘው መጥተው ለአባቴ እውነቱን ሲነግሩት ግን የፈጠርኩላቸው ፍቅር ፈረሰ። የቫኗ ባለቤት ሚንግ ናሪ ትባላለች፤ የሳሩን ሚስት ናት። ስደት ያመጣት አሌክሳንድሪያ ነው፤ ቤቷ ልብስ ትሰፋለች። የሎክ ታ ልጅ ደግሞ ካሊፎርኒያ ሥራ አግኝታ ጥቅምት ላይ አባቷን ይዛ ልትሄድ ነው።

«ተመልሼ የምመጣ ሰው አይደለሁም» አሉ ሎክ ታ፤ እኔ እተረጉማለሁ። «ከመሄዴ በፊት ፊት ለፊት አይቻት፣ ጠብቀኝ ያልኩት እኔ ነኝ ልላት እፈልጋለሁ። ስልክ ስደውል ድምፄን ስትሰማ ትዘጋለች። ያን ድምፅ በሬዲዮ ታውቀዋለች።»

አባቴ ሎሚዎቹን ወደ ጎን ገፋ አደረገ። ከዚያ ጭኑን መታ። «ይኼማ በሽማግሌ የሚያልቅ ነገር ነው!»

አባቴ አገር ቤት ስንት ባልና ሚስት አስታርቋል፤ ደም ሳይቀር አድርቋል። ጋራዥ ውስጥ ትኬት ሲቆርጥ የሚውል ሰው ያን ማታ ቁመቱ አንድ ክንድ ጨመረ። ወዲያው ስልክ አነሣ። ስካይላይን ለሚኖረው ለባለ ታክሲው ለጋሽ ተፈራ ኮል አደረገ፤ አስፐን ሂል ላሉት ለአቶ ደምሴ ኮል አደረገ። ሽማግሌ ሦስት ሞላ። እንግሊዝኛ የሚናገር ግን ከሦስቱ አንድም አልነበረም፤ የታክሲ እንግሊዝኛ ለኤርፖርት እንጂ ለእርቅ አይሆንም። ስለዚህ አፋቸው እኔ ሆንኩ። ኮት ተዋሱልኝ።

«ጥቁር ሙሉ ልብስ ይሁን» አለ አባቴ። «ተራ ነገር አይደለም፤ የነፍስ ጉዳይ ነው።»

«በደንቡ እኮ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚቀርበው» አሉ አቶ ደምሴ።

«በዚህ አገር ከየት አባታችን ድንጋይ እናመጣለን?» አለ ጋሽ ተፈራ። «ሁሉም አስፋልት ነው። ቢገኝም ባለቤት አለው።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ በጋሽ ተፈራ ታክሲ ድልድዩን ተሻግረን ወደ ቨርጂኒያ ነዳን። ሎክ ታ ፊት ተቀምጠዋል፤ ከረባታቸውን ሦስቴ ፈትተው ሦስቴ አሰሩ። እኔ ኋላ በአቶ ደምሴና በአባቴ መሀል ተጣብቄ የናፍታሊንና የሽቶ ሽታ እጠጣለሁ። ቀይ ጡብ የሆነ ሕንፃ ፓርኪንግ ውስጥ ቆምን። ሎክ ታ ቀበቷቸውን ሲፈቱ አባቴ ትከሻቸውን ያዝ አደረገ።

«አቶ ሎክታ፣ እርስዎ አይገቡም። በዳይ ከሽማግሌ ጋር አይገባም። እኛ እሺ አስብለን ስንጨርስ እንጠራዎታለን። ንገራቸው።»

እኔም ባማረ እንግሊዝኛዬ፣ «መኪናው ውስጥ ይጠብቁ፤ ተነጋግረን እንመለሳለን» አልኳቸው።

ሎክ ታ ዘወር ብለው አዩኝ። ከንፈራቸው ትንሽ ተከፍቶ ተዘጋ። «እሺ፤ እጠብቃለሁ» አሉ። ከዚያ በቆመ መኪና ውስጥ የፈቱትን ቀበቶ መልሰው አሰሩ። ያኔ ገርሞኝ ነበር።

ደረጃውን ወጥተን አንኳኳን። ሚንግ ናሪ በበሩ ሰንሰለት ክፍተት ስታይ ከፊት ያለሁት እኔ ስለሆንኩ ከፈተች። አጭር ናት፤ አንገቷ ላይ ሜትር አንጠልጥላለች፤ ከኋላዋ የስፌት መኪና ላይ ነጭ የሙሽራ ልብስ ተዘርግቷል። ሦስቱ ጥቁር ለባሾች በሰልፍ ገቡና ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። ደነገጠች፤ ግን ወንበር አቀረበች።

«አንቀመጥም በላት» አለ አባቴ። «ቃላችንን ሳትቀበል አንቀመጥም።»

«አይቀመጡም» አልኳት።

ውኃ በብርጭቆ አመጣች።

«ውኃዋንም አንጠጣም። እሺ ስትለን ብቻ።»

«አይጠጡም።»

ብርጭቆዎቹን ትሪው ላይ መልሳ ደረደረች። «ምንድን ነው የፈለጋችሁት?» አለች።

«ስለ ባለቤትሽ ጉዳይ ነው በላት፤ በክብር ንገራት።»

«ስለ ባለቤትዎ ነው» አልኩ። «ስለ ሳሩን።»

ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ጠቀለለችው። የስፌት መኪናውን መብራት አጠፋች። በር ጀርባ ሄዳ አንዲት ትንሽ ቦርሳ አነሣች፤ ሹራብ ደረበች፤ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አደረገች።

«ሩቅ ነው?» አለችኝ።

«ሩቅ ነው ወይ አለች» አልኩ።

«ምን ሩቅ ነው!» አለ ጋሽ ተፈራ ፊቱ በርቶ፤ «እታች መኪና ውስጥ ናቸው በላት! አያችሁ? ሳንጀምር ጨረስን! እንዲህ ያለ ልብ!» አቶ ደምሴ «ተመስገን» ብለው መሬት ሊስሙ ተንበረከኩ። አባቴ እንባው መጣ። ሦስቱም ሴትዮዋ በጀ ያለች፣ ለእርቁ የተነሣች መሰላቸው። እኔም መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ወደ እኔ መጣች። ሁለት እጇን ገጥማ እስከ ግንባሯ አነሣችና ጎንበስ አለችልኝ፤ ሎክ ታ ለመነኮሳት የሚያደርጉትን። ዞሬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አየሁ። ማንም የለም።

«ልጄ ከሥራ የምትመለሰው ማታ ነው» አለችኝ በቀስታ። «እሷ ምንም አታውቅም። እባክህ፣ እሷን ተዋት።»

ይህን አልተረጎምኩትም። በሕይወቴ የፈራኝ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ የሰፈሩ ድመት እንኳ ንቃኝ ነው የምታልፈው። እናቴን በዕድሜ የምትበልጥ አንዲት ሴት ቆማ እኔን፣ እጅጌው የሚውጠውን ልጅ፣ ፈርታ ትለምነኛለች። ለምን እንደፈራችኝ አላወቅኩም፤ ፍርሃቷ ግን ከእሷ ወደ እኔ ተሻገረ። ከዚያ በተውሶ ሱሪዬ ውስጥ ሙቀት ወረደ፤ ጫማዬን አልፎ ምንጣፏን ነካ።

ሚንግ ናሪ ምንጣፉን አየች። ቀና ብላ ፊቴን አየች። ያኔ ነው መጀመሪያ ያየችኝ።

«ስንት ዓመትህ ነው?»

«አሥራ ሦስት።»

«እናትህ የት ናት?»

«ሥራ።»

ቦርሳዋን መሬት ላይ ለቀቀችው። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ፣ «ተቀመጡ!» አለች።

«እሺ ካላሉን…» ብለው አቶ ደምሴ ጀመሩ።

«ተቀመጡ!»

ይህን መተርጎም አላስፈለገም። ሦስቱም ሁለት ሰው በሚይዝ ሶፋ ላይ ተደራርበው ተቀመጡ። ሱሪዬን አስወለቀችኝና ዳማ ዳማ የሆነ የካምቦዲያ ጨርቅ እንደ ሽርጥ ወገቤ ላይ አሰረችልኝ። ከዚያ ቆማ ተናገረች፤ እኔም እያለቀስኩ ተረጎምኩ።

«ከተማው ከወደቀ በኋላ ነው፤ ሦስት ነበሩ። ጥቁር ለብሰዋል። ተቀመጡ አልኳቸው፤ አልተቀመጡም። ውኃ ሰጠኋቸው፤ አልጠጡም። የሚናገርላቸው ልጅ ነበር፤ ይህን የሚያክል። ‹ስለ መኪናው ጥቂት ልንጠይቀው ነው› አለ ልጁ። ሳሩን ጫማውን አድርጎ ተከተላቸው።»

አባቴ ባርኔጣውን ከጉልበቱ አንሥቶ መልሶ አስቀመጠ። «በላት…» አለና አልጨረሰውም። «ተወው። ምንም አትበላት።»

«ማን ነው የላካችሁ?» አለች እሷ።

«ሎክ ታ።»

«የት ነው ያለው?»

«እታች፣ መኪና ውስጥ። ጠብቁ ብለናቸው።»

«ጠብቅ አላችሁት?» አለች። አንድ ድምፅ ከደረቷ ወጣ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ጫማዋን አወለቀች፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። በካልሲ ብቻ፣ የእኔን እጅ ይዛ ደረጃውን ወረደች። ሽማግሌዎቹ ሊከተሉን ሲነሡ አባቴ፣ «ከዚህ ወዲያ የእኛ ቦታ አይደለም» ብሎ በሩ ላይ አስቀራቸው። ስለዚህ ከእሷ ጋር የወረድኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ሎክ ታ እንደተውናቸው ነበሩ፤ ቀበቷቸውን አስረው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

ስንመለስ፣ ታክሲው ድልድዩን ሲሻገር፣ ሎክ ታ ለእያንዳንዳችን በየተራ «አመሰግናለሁ» አሉ። አባቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሽምግልና ሲጠሩት ሥራ አለብኝ ይል ጀመር። በዓሉ ሊያልቅ ሲል ሎክ ታን ተከትዬ መቅደስ ሄድኩ። ሰማያዊው ቫን አልነበረም። ቦታውን ለቃላቸው ይሁን ማየት አስጠልቷት፣ እንጃ። ሎክ ታ ገቡ፤ ሩዙን አቀረቡ፤ የሳሩንን ስም በዚያ በሬዲዮ ድምፃቸው ሳይሆን በሚንሾካሾክ፣ በሚሰነጠቅ ድምፅ ጠሩ።

ጥቅምት ላይ ዕቃ ሲጫን ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ ለብቻዬ ጠራችኝ። ሎክ ታ ሊፍቱ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው ወለሉን ያያሉ።

«አባቴ ምንም አይነግረኝም» አለች። «ሌሊት ተቀምጦ ያድራል፤ ደስ ብሎት ይሁን ከፍቶት አላውቅም። አንተ አጠገባቸው ነበርክ። ቋንቋችንን እንደማትሰማ አውቃለሁ። ግን ፊቷን አይተሃል። እጇን ዘረጋችለት? ወይስ አልዘረጋችም? ይህን ብቻ ንገረኝ።»

ሠርግ ላይ ሳወራ ሚንግ ናሪ መስኮቱን አልፋ ታቅፋቸዋለች፤ ሁለቱም ያለቅሳሉ፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ ለልጃቸው ልነግራት የምችለው እውነት ግን ይህ ብቻ ነበር። ሎክ ታ መስኮቱን ዝቅ ሲያደርጉ ኳስ የያዙ ሁለት ልጃገረዶች ፓርኪንጉን አቋርጠው ሲመጡ አየሁ። አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድም የሚያውቀኝ ሰው የለም። እኔ ግን ሽንቴን የሸናሁ፣ ሽርጥ የታጠቅኩ የአሥራ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩና እጄን ከእጇ መንጭቄ ቆሻሻ መጣያው ጀርባ ሮጥኩ። ልጃገረዶቹ አልፈው እስኪሄዱ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ቁጢጥ አልኩ። ስወጣ ሚንግ ናሪ ደረጃውን ጨርሳ ወጥታ ነበር። ምንም አላየሁም።